አክሊሉ ለማ

ዶክተር አክሊሉ ለማ (1928 ዓ.ም. – 1989 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ የጥገኛ ተውሳኮች ተመራማሪ ነበሩ። በይበልጥ የሚታወቁት የእንዶድ ፍሬ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ የውሃ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል በምርምር በማሳየታቸው ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአድዋው ግኝት

አክሊሉ በአሜሪካ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ አግኝተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1964 አድዋ ውስጥ የቢልሃርዚያን ስርጭት ሲያጠኑ ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ተመለከቱ። ከማጠቢያው ቦታ በታች ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ነበሩ፤ ከዚያ ራቅ ብለው ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። አክሊሉ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ ሰብስበው የእንዶዱ አረፋ እንዲጨመርባቸው አደረጉ። ቀንድ አውጣዎቹ ወዲያው ሞቱ።

ጉዳዩ ትልቅ ትርጉም ያለው ከበሽታው የሕይወት ዑደት የተነሣ ነው። የቢልሃርዚያ ትል እንቁላል ከታመመ ሰው ወጥቶ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈላል። እጩም ቀንድ አውጣው ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ውሃ ውስጥ በሚገባ ሰው ቆዳ በኩል ያልፋል። ቀንድ አውጣው ከሌለ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። በጊዜው ለዚህ ይውል የነበረው ፋብሪካ ሠራሽ መድኃኒት ለድሃ አገሮች ውድ ነበር፤ እንዶድ ግን በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ በየአጥሩ ይበቅላል።

አክሊሉ በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ በተደረገው ሙከራ ወንዞቹ በእንዶድ ሲታከሙ ቆዩ። በከተማው ሕዝብ መካከል የበሽታው ስርጭት ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወረደ። በትንንሽ ልጆች ላይ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ።

ረጅሙ ጥበቃ

በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም በተካሄደ ሥራ ቀንድ አውጣ ገዳዩ ንጥረ ነገር ከፍሬው ተለይቶ ወጣ፤ በአክሊሉ የአባት ስምም ለማቶክሲን ተባለ። ንጥረ ነገሩ እንደ ሳሙና አረፋ ከሚያወጡት ሳፖኒኖች ወገን ነው። የግብርና ባለሙያው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ በበኩላቸው የተለያዩ የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው በማወዳደር፣ በኃይሉና በምርቱ የተሻለውን ዓይነት 44 መረጡ።

ይሁን እንጂ እንዶድ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተቀባይነት ለማግኘት ብዙ ዓመታት ፈጀበት። በኢትዮጵያ የተሠራው ጥናት በቂ ተደርጎ ስላልታየ፣ የመርዛማነት ምርመራዎቹ በውጭ አገር ቤተ ሙከራዎች እንደገና እንዲሠሩ ተጠየቀ። እንዶድ ቀንድ አውጣን በሚገድልበት መጠን ዓሣንም ስለሚጎዳ ጥንቃቄ ማስፈለጉ እውነት ነው፤ ሆኖም ውሃ ውስጥ በጥቂት ቀናት ፈርሶ ይጠፋል። አክሊሉ ግን የመዘግየቱ ዋና ምክንያት በአፍሪካ ሳይንቲስቶች ሥራ ላይ ያለ እምነት ማጣት እንደሆነ ደጋግመው ይናገሩ ነበር። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ።

እንዶድና ዚብራ ሙስል

በ1980ዎቹ መጨረሻ ከጥቁር ባሕርና ከካስፒያን ባሕር አካባቢ የመጣ ዚብራ ሙስል የተባለ ትንሽ ባለ ዛጎል እንስሳ፣ መርከቦች በሚይዙት የሚዛን ውሃ አማካይነት ወደ ሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ገባ። እንስሳው በአገሬው ዛጎል ለበሶች ላይ በብዛት እየተለጠፈ ያፍናቸዋል፤ ውሃ እያጣሩ የሚያጠሩትን እነዚህን ነባር ዝርያዎች መልሶ ማብዛትም አስቸጋሪ ሆነ። በሐይቆቹ ዳርቻ ያሉ ከተሞችና የኃይል ማመንጫዎችም የውሃ ቧንቧቸው ተደፈነ።

በኦሃዮ ግዛት ያለው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአክሊሉ ጋር እንዶድን ሞክረው ዚብራ ሙስልን እንደሚገድል አረጋገጡ። ዩኒቨርሲቲው በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ወሰደበት፤ ከፈጠራው ባለቤቶች አንዱ ሆነው አክሊሉ ተመዝግበዋል። ይህ መብት እንዶድን ለዘመናት ለይተው ያወቁትና የጠበቁት የኢትዮጵያ ገበሬዎችና እናቶች ምን ድርሻ አላቸው የሚል ክርክር አስነሣ። ጉዳዩ ስለ ባህላዊ ዕውቀት ባለቤትነት ሲነሣ ዛሬም እንደ ምሳሌ ይጠቀሳል።

የመጨረሻ ዓመታት

አክሊሉ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ በሳይንስና ልማት ዘርፍ፣ በኋላም በዩኒሴፍ አገልግለዋል። በ1997 በ61 ዓመታቸው አረፉ። ዛሬ በኢትዮጵያ ቢልሃርዚያ በአብዛኛው የሚታከመው ለተማሪዎች በሚታደል ፕራዚኳንቴል ነው። መድኃኒቱ ትሉን ይገድላል እንጂ ሕፃኑ ወንዝ በወረደ ቁጥር እንደገና ከመያዝ አይጠብቀውም፤ ስለዚህ ቀንድ አውጣውን የመቆጣጠር ጥያቄ አሁንም አልተዘጋም። የመሠረቱት ተቋም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የአክሊሉ ለማን ስም ይዞ ምርምሩን ቀጥሏል።