የጋፋቱ ጥበብና የዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወት

የሰው ልጅ ከእንስሳ ከሚለይባቸው ነገሮች አንደኛው ለሥራው የሚረዳውን መሣሪያ በገዛ እጁ መሥራት መቻሉ ነው። አንበሳ ጥፍሩን፥ በሬም ቀንዱን ከተፈጥሮ ያገኛል፤ ሰው ግን ባዶ እጁን ተወልዶ ማረሻውንም፥ መርፌውንም፥ መጽሐፉንም ራሱ ይሠራል። በዘመናችን ደግሞ በኮምፒዩተር የሚሠራው ፕሮግራም ከእነዚህ መሣሪያዎች እንደ አንዱ ሆኖአል። በትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር ክበብ ያሉ ጓደኞቼ ከጥናት በተረፋቸው ጊዜ የፈተና ነጥብ የሚደምር ወይም የቤተ መጻሕፍት ውሰት የሚመዘግብ ትንንሽ ፕሮግራም ሲሠሩ ሁልጊዜ በደስታ እመለከታቸዋለሁ። ማንም ሳያዛቸው፥ የጎደለውን አይተው የሚሠሩት ነውና።

ለዘንድሮው መጽሔት የአንድ ስመ ጥር ሰው ታሪክ ለመጻፍ ባሰብሁ ጊዜ እንዲህ ያለውን ሰው ፍለጋ ወደ ሩቅ አገር መሄድ አላስፈለገኝም። መሣሪያን ከባዕድ ከመጠበቅ ይልቅ በአገራቸው ለማሠራት የደከሙ፥ ያሠሩትንም በእኛ በጋይንት ምድር እያስጎተቱ ያሳለፉ ንጉሠ ነገሥት አሉና። እርሳቸውም ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ስለ ጦርነታቸው ብዙ ተጽፎአል፤ እኔ ግን ይልቁንም ስለ መሣሪያ ሥራቸው ለመናገር እወዳለሁ።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ ደጃዝማች ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ፥ እናቱም ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ይባላሉ። አባቱ በሕፃንነቱ ስለ ሞቱበት እናቱ ኮሶ እየሸጡ አሳደጉት ይባላል፤ በኋላም ጠላቶቹ በዚሁ ይነቅፉት ነበር። በገዳም ትምህርት ቤት ንባብና ጽሕፈት ተምሮ፥ ከዚያ በኋላ በዘመዱ በደጃዝማች ክንፉ ቤት የጦርን ሥራ እየተመለከተ አደገ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበረ፤ በጎንደር ንጉሥ ቢኖርም ሥልጣኑ በመሳፍንት እጅ ነበር። ካሣም በቆላው ሽፍታ ሆኖ ተከታዮቹን ከቀን ወደ ቀን እያበዛ ሄደ።

በመጋቢት 1840 ዓ.ም. ካሣ በሱዳን ጠረፍ በደባርቂ ከግብፅ ወታደሮች ጋር ተዋጋ። የግብፅ ጦር ቁጥሩ አነስተኛ ቢሆንም ምሽግ ሠርቶ፥ መድፍ ይዞ፥ በሥርዓት እየተኮሰ ጠበቀው። የካሣ ሰዎች ጀግኖች ነበሩ፤ ነገር ግን ጀግንነት ብቻውን መድፍን አልቻለውምና ድል ሆኑ። ብዙ ሰው ከእንዲህ ያለ ሽንፈት ቂምን ብቻ ይዞ ይመለሳል። ካሣ ግን ትምህርት ይዞ ተመለሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥርዓት ያለው ወታደርና መድፍ የማግኘት ምኞት እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ከልቡ አልጠፋም።

ከዚህ በኋላ ዕድሉ ቀናው። በኅዳር 1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ጎሹን በጉር አምባ፥ በሰኔ ወር ራስ ዓሊን በአይሻል፥ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደግሞ ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ድል አድርጎ፥ በዚያው በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ንጉሠ ነገሥቱም የተከፋፈለውን አገር አንድ ለማድረግ፥ ወታደሩ ገበሬውን ከመዝረፍ ተቆጥቦ በደመወዝ እንዲኖር ለማድረግ አሰቡ። ታሪካቸውም በደብተራ ዘነብ በግዕዝ ሳይሆን በአማርኛ ተጻፈ። ቋንቋም ቢሆን ብዙ ሰው ሊገለገልበት ሲችል እንደ መሣሪያ ነው ብዬ አምናለሁ።

በዚያን ጊዜ ከስዊስና ከጀርመን አገር የመጡ የወንጌል መምህራን ነበሩ። ከእነርሱም ዋልድማየር፥ ዛልሙለር፥ ቤንደርና ማየር ይገኙባቸዋል። ከእጅ ሥራ ጋር ስብከትን እንዲያስተምሩ የተላኩ ነበሩ፤ ንጉሡ ግን ከስብከታቸው ይልቅ የእጃቸውን ሥራ ወደዱላቸው። ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር በምትርቀው በጋፋት ቦታ ሰጥተው አስቀመጡአቸው። ከፈረንሳይ የመጣው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎና ከፖላንድ የመጣው ሞሪትስ ሆልም ከእነርሱ ጋር ሠሩ። ዋልድማየር የንጉሡ ባለሟል የነበረውን የእንግሊዛዊውን የሊቀ መኳስ ጆን ቤልን ልጅ አግብቶ ከአገሩ ሰው ጋር ተዛመደ። በጋፋት ወጣቶች ኢትዮጵያውያን ንባብንና የእጅ ሥራን አብረው ይማሩ ነበር።

ንጉሡ በመጀመሪያ መንገድ እንዲሠሩላቸው፥ ጠመንጃም እንዲጠግኑላቸው አዘዙ። ቀጥሎም መድፍ አፍስሱልኝ አሉአቸው። እነርሱ ይህን ጥበብ አናውቀውም ብለው ለመኑ፤ እውነትም አያውቁትም ነበር። ንጉሡ ግን አሽከሮቻቸውን ስላሰሩባቸው በግድ እሺ አሉ።

መድፍ ማፍሰስ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። መዳብ የሚቀልጠው ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ነው። ይህን እሳት የሚችል ጡብ መጀመሪያ መገኘት አለበት፤ ተራ ጡብ ከሆነ ምድጃው ራሱ ይፈርሳል። የቀለጠውም ነሐስ ሳያቋርጥ በአንድ ጊዜ ወደ ቅርጹ መፍሰስ አለበት፤ መካከል ላይ ከቀዘቀዘ መድፉ ውስጡ ስንጥቅ ይይዝና በተተኮሰ ጊዜ ተኳሹን ይገድላል። የጋፋት ሰዎች የመጀመሪያ ሙከራቸው ከሸፈ። ስሕተታቸውን መርምረው እንደገና ሞከሩ፤ በመጨረሻም ተሳካላቸው። ንጉሡም እጅግ ተደስተው ሸለሙአቸው።

እዚህ ላይ እኔን የሚያስደንቀኝ መድፉ አይደለም። አንድ መሣሪያ ሌላ መሣሪያ ይጠይቃል። መድፍ ለመሥራት ምድጃ ያስፈልጋል፤ ለምድጃው ጡብና ከሰል፥ መድፉንም ለማንቀሳቀስ ሠረገላ፥ ለሠረገላው ደግሞ መንገድ ያስፈልጋል። ንጉሡ ይህን ሁሉ ተራ በተራ ለማሠራት ተነሡ። ከደብረ ታቦር ወደ ጎንደርና ወደ ጎጃም የሚወስዱ መንገዶችን አስጀመሩ፤ ራሳቸውም ከወታደሩ ጋር ድንጋይ ያነሡ፥ አፈር ይጠርጉ ነበር። በጣና ሐይቅም ከደንገል የተሠራ ትልቅ ታንኳ በጎኑ መንኰራኵር አስገጥመው፥ በሰው እጅ እየተሽከረከረ እንደ መርከብ እንዲሄድ ሞክረዋል። የእጅ ባለሙያ ቀጥቃጭ እየተባለ በሚናቅበት አገር ንጉሡ ከሠራተኛ ጋር ጎን ለጎን መታየታቸው ትልቅ ትምህርት ነው።

ይሁን እንጂ ብቻቸውን እንደማይችሉት ያውቁ ነበር። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ ላኩ። መልስ ባለመምጣቱ ተቈጥተው በ1856 ዓ.ም. ቆንሲሉን ካሜሮንን አሰሩ። በ1858 ዓ.ም. ደግሞ ሚስተር ፍላድን ባለሙያዎችና የሥራ መሣሪያ እንዲያመጣላቸው ወደ እንግሊዝ ሰደዱት። ባለሙያዎቹና መሣሪያው በእርግጥ እስከ ምፅዋ መጡ፤ እስረኞቹ ስላልተፈቱ ግን ከዚያ አላለፉም። እንግዲህ አስቡት፤ ዕድሜ ልካቸውን የተመኙት ነገር በአገራቸው በር ላይ ደርሶ በራሳቸው ቁጣ ምክንያት ተመለሰ።

አሁን የምናገረው ለእኛ ለበጌምድር ልጆች የሚመረውን ክፍል ነው። በየአገሩ ዐመፅ ተነሥቶ ነበር። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ያዙ፤ በላስታ ዋግሹም ጎበዜ ተነሡ። በ1859 ዓ.ም. ለንጉሡ የቀረላቸው የደብረ ታቦር ዙሪያ ብቻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ ያ ሁሉ ወታደር የሚበላው ከበጌምድር ገበሬ ጎተራ ሆነ። በደመወዝ ይኖራል የተባለው ወታደር ተመልሶ ዘራፊ ሆነ፤ መንደሮች ተቃጠሉ፤ ጎንደርና አብያተ ክርስቲያናትዋም በእሳት ጠፉ። ገበሬውም ሸፈተ። የጋፋት ምድጃ ሲነድ የገበሬው ምድጃ ይጠፋ ነበር። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ለአያቶቻችን ታማኝ አልሆንም።

በዚህ መከራ መካከል በ1859 ዓ.ም. ከሁሉ የሚበልጠው መድፍ በጋፋት ፈሰሰ። በሩሲያና በቱርክ፥ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ጦርነት ስሟ በታወቀው ከተማ ሴባስቶፖል ተባለ። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነው። ንጉሡም የእንግሊዝ ጦር እንደሚመጣ ስላወቁ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፥ በ1860 ዓ.ም. በጥቅምት መጀመሪያ ገደማ መድፎቻቸውን፥ እስረኞቻቸውንና የጋፋትን ባለሙያዎች ይዘው ወደ መቅደላ ተነሡ።

መንገዱ በጉና ተራራ አጠገብ አልፎ፥ በጋይንት ደጋ ላይ ወጥቶ፥ በጨጨሆ በኩል ወደ ደብረ ዘቢጥና ወደ ዋድላ ይሄዳል። የጨጨሆን ጠባብ መተላለፊያ በእግሩ ያለፈ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ይረዳል። በግራም በቀኝም ገደል ነው። ክረምቱ ገና ስለ ወጣ መሬቱ ጭቃ ነበረ። ሠረገላውን በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች በጠፍር ይጎትቱታል፤ ቁልቁለት ሲሆን ደግሞ ከኋላ ይይዙታል። ከፊት ድንጋዩ እየተፈነቀለ መንገድ ይሠራል፤ መንገዱ ካልተሠራ መድፉ አይንቀሳቀስም። ንጉሡ ከሁሉ ቀድመው ይቈፍሩ ነበር። ከዋድላ በኋላ የጅዳን ሸለቆ ወርደው ወደ ደላንታ ወጡ፤ ከዚያም እንደገና ወደ በሽሎ ወረዱ። በሽሎ ከስማዳ ግርጌ አልፎ ከዐባይ ጋር የሚገናኘው ወንዝ ነው። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ዛሬ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ ወልድያ የሚደርሰው፥ ሕዝቡ የቻይና መንገድ የሚለው፥ ይህንኑ የጋይንትን ደጋ ተከትሎ ይሄዳል።

ነገሩ ከዚህ በኋላ እጅግ ያሳዝናል። በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆኖች ይዞ ከዙላ ወደብ ሲመጣ፥ ከዋድላ ጀምሮ የሄደው ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድፋቸው ባሠሩት መንገድ ነው። የሠሩት መንገድ ጠላታቸውን አመጣባቸው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በእሮጌ ሜዳ ጦርነት ሆነ። ከትልልቆቹ መድፎች አንዱ ባሩድ በዝቶበት ስለ ነበር ሲተኰስ ፈነዳ። ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል ሞቱ። ሚያዝያ 6 ቀን እንግሊዞች መቅደላን ሲወጡ ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ከመስጠት ይልቅ በሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ።

እንግሊዞች ሲመለሱ የጋፋት ባለሙያዎች አብረዋቸው ከአገር ወጡ። ዋልድማየር በኋላ በሊባኖስ አገር በብሩማና ትምህርት ቤት አቋቋመ። በጋፋት ግን ምድጃው ቀዘቀዘ፤ ሥራውን ከዚያ ያስቀጠለ አልተገኘም። ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ ተራራ ላይ አለ፤ አምሳያው በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞአል። በዘመናችን የተቋቋመ አንድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካም በጋፋት ስም ተጠርቶአል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? በእኔ አስተያየት የዐፄ ቴዎድሮስ ሐሳብ ትክክለኛ ነበር፤ ራሱን የማይረዳ አገር የሰው እጅ ሲመለከት ይኖራል። ጉድለቱ ከመንገዱ ላይ ነበር። በእስራት የተጀመረ ጥበብ እስራቱ ሲፈታ አብሮ ይበተናል። በጥቂት ሰዎች ራስ ውስጥ ብቻ ያለ እውቀት እነዚያ ሰዎች ሲሄዱ ይሄዳል። ጋፋት ትልቅ ትምህርት ቤት ሆና በመቶ የሚቈጠሩ የአገር ልጆች ሥራውን ተምረውበት ቢሆን ኖሮ፥ ንጉሡ ቢሞቱም ምድጃው ባልጠፋ ነበር።

በዘመናችን ከዚህ የተለየ ምሳሌ እናገኛለን። ፊደላችን በኮምፒዩተር የሚጻፍ የሆነው ማንም አስገድዶአቸው ሳይሆን ፊደላቸውን በሚወዱ ሰዎች ድካም ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ከገባ ወዲህ፥ የአማርኛ ጽሑፍ በየትም አገር ባለ ኮምፒዩተር ላይ ሊነበብ ይችላል። ይህ ሥራ ለሁሉ የተገለጠ ስለ ሆነ ሠሪዎቹ ቢያልፉም አይጠፋም።

ስለዚህ በክበባችን ያላችሁ ጓደኞቼ ሆይ፥ የሠራችሁት ፕሮግራም ትንሽ ነው ብላችሁ አትናቁት። ጡብም ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ያለ ጡብ ምድጃ የለም። ሙከራችሁ ሲከሽፍ ስሕተቱን መርምራችሁ ድገሙት። ከሁሉ በላይ ደግሞ እንዴት እንደ ሠራችሁት ጽፋችሁ ለታናናሾቻችሁ አስተምሩ፤ ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ነውና። ወላጆቻችንና መምህሮቻችንም ልጅ አንድ ነገር ፈታቶ እንደገና ሊገጥም ሲሞክር ባዩ ጊዜ አበላሸህ ብለው እንዳይቈጡት በትሕትና እለምናለሁ። ያን ጊዜ ከጋይንት፥ ከስማዳና ከእስቴ የሚወጣው ጥበብ ገበሬውን የሚጠቅም እንጂ ጎተራውን የሚያራቁት አይሆንም።