የእስክንድርያው ድሜጥሮስና የዘመን ፍጻሜ ስሌት

የመጽሔታችን አዘጋጆች ከሙያችን ጋር የሚዛመድ የአንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ከአባላቱ ብዙዎቹ የድልድይ ወይም የእንፋሎት ሞተር ጠቢብ እንደሚጠብቁ አልጠፋኝም። እኔ የመረጥኩት ግን በድንጋይም በብረትም ሳይሆን በቍጥር ሠርተው ስማቸውን ያስቀሩትን የእስክንድርያውን ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስን ነው። የመረጥኩበትን ምክንያት ወደ ኋላ እገልጸዋለሁ።

ድሜጥሮስ በማርቆስ መንበር ዐሥራ ሁለተኛው ተሿሚ ናቸው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ189 ዓ.ም. ጀምሮ 43 ዓመት ያህል መርተዋል። ስንክሳር እንደሚተርከው ከሹመታቸው በፊት ማንበብና መጻፍ የማያውቁ የወይን ገበሬ ነበሩ። አንድ ቀን ያለወራቱ ያፈራ የወይን ዘለላ አግኝተው ለሊቀ ጳጳሳቱ ለዩልያኖስ ገጸ በረከት ይዘው ቢሄዱ፣ በሞት አፋፍ ላይ የነበሩት ዩልያኖስ በራእይ የተነገራቸው ተተኪ ይህ ሰው መሆኑን አስታወቁ። ባለ ትዳር ሰው እንዴት በዚህ መንበር ይቀመጣል ብሎ ሕዝቡ አጕረመረመ። ድሜጥሮስም የጋለ ፍም በራሳቸውና በሚስታቸው ልብስ ላይ አድርገው በምእመናኑ መካከል ዞሩ፤ ልብሱ አልተቃጠለም። ባልና ሚስቱ በንጽሕና እንደኖሩ በዚህ ታወቀ ይላል ትረካው።

ለእኛ የሚጥመው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ድሜጥሮስ ነነዌና ዐቢይ ጾም ከሰኞ፣ ትንሣኤ ከእሑድ፣ ዕርገት ከሐሙስ እንዳይወጡ ይመኙ ነበር። የሊቃውንቱ ትውፊት እንደሚለው መልአክ መጥቶ እንዲህ ያለው ነገር በምኞት ሳይሆን በሱባኤ እንደሚገኝ ነገራቸው። እርሳቸውም ሌሊት 23፣ ቀን 7 ሱባኤ ያዙ። አንድ ሱባኤ ሰባት ቀን ነው። 23 በ7 ቢባዛ 161 ይሆናል፤ በ30 ቢገደፍ 11 ይተርፋል፤ ይህ አበቅቴ ተባለ። 7 በ7 ቢባዛ 49፤ በ30 ቢገደፍ 19፤ ይህ መጥቅዕ ተባለ። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ናቸው። ከጨረቃና ከፀሐይ ዓመት መካከል ያለው ልዩነት 11 ቀን ያህል ነው፤ ጨረቃና ፀሐይም በየ19 ዓመቱ ተመልሰው ይገናኛሉ። ትረካውን ማንም እንደ ፈቀደ ይቀበለው፤ ስሌቱ ግን የሚያስኬድ ነው።

ዘመናቸው ጸጥታ የሰፈነበት አልነበረም። በ202 ገደማ በንጉሠ ነገሥቱ በሴቬሩስ ስደት በእስክንድርያ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ የኦሪገን አባት ሊዮኒደስ ከተሰየፉት አንዱ ነበሩ። በዚያው ጊዜ ይሁዳ የተባለ ጸሐፊ የዳንኤልን ሰባ ሱባኤ እስከ ሴቬሩስ ዐሥረኛ ዓመት አስልቶ የሐሳዊ መሲሕ መምጫ መቃረቡን ጽፎ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ መዝግቧል። መከራ ሲበዛ ሰው ወደ ፍጻሜ ቍጥር ይጠጋል። ዩልዮስ አፍሪካኑስም በእነዚሁ ዓመታት ወደ እስክንድርያ መጥቶ ነበር፤ ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዓመት የቈጠረ እርሱ ነው። ዓለም 6000 ዓመት ትቈያለች ለሚሉት ከክርስቶስ በኋላ የቀረው 500 ዓመት ብቻ ሆነ ማለት ነው። ያ ዘመን አለፈ።

የድሜጥሮስ ስም የሚነቀፍበት ጉዳይም አለ። ወጣቱን ኦሪገንን የትምህርት ቤቱ ኀላፊ ያደረጉት እርሳቸው ሲሆኑ፣ በኋላ በቂሣርያ ያለ ፈቃዳቸው ቅስና በመቀበሉ በጉባኤ ከእስክንድርያ አስወጡት። ታላቁን ሊቅ ማጣታቸው በእኔ ግምት የአስተዳደራቸው ጕድለት ነው።

ቀመሩን በእርግጥ እርሳቸው ሠሩት ወይ? የታሪክ ተመራማሪዎች እዚህ ላይ ይጠራጠራሉ። በ19 ዓመት ዑደት ትንሣኤን በማስላት ስሙ የሚታወቀው ከድሜጥሮስ በኋላ የተነሣው የእስክንድርያ ተወላጅ አናቶሊዮስ ነው፤ የ532 ዓመቱ ዐቢይ ቀመርም እኛ ከያዝነው የዓመተ ዓለም ቍጥር ጋር በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአንያኖስ ተደላድሏል። ኦቶ ኖይገባወር በ1979 ባሳተመው ጥናት የግዕዝ መጻሕፍት ጥንታዊውን የእስክንድርያ ሠንጠረዥ ጠብቀው ማቈየታቸውን አሳይቷል። ብዙ እጅ ያረፈበት ሥራ በአንድ ሰው ስም መጠራቱ በእኛም ሙያ የተለመደ ነው።

ምክንያቴን ልግለጽ። በታኅሣሥ 2005 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ የማያ ሕዝቦች አቆጣጠር በ12ኛው ቀን፣ ማለትም በአውሮፓውያን ታኅሣሥ 21 ቀን 2012፣ ያበቃል፤ ዓለምም አብራ ታልፋለች የሚል ወሬ በየመኝታ ክፍሉ ይናፈስ ነበር። ነገሩ ከ3114 ዓመተ ዓለም ቅድመ ክርስቶስ ነሐሴ ወር የጀመረ የ1,872,000 ቀን ዑደት መሙላት ነበር። ሊቃውንቱ በዕለቱ እንኳ አልተስማሙም፤ ገሚሶቹ 21 ገሚሶቹ 23 ይላሉ። በፓሌንኬ ያለ የማያ ጽሑፍ ደግሞ በ4772 የሚውል በዓል ይጠቅሳልና፣ ጻፊዎቹ ራሳቸው ዓለም በ2012 ታበቃለች ብለው አልጠበቁም።

ለዕረፍት ወደ አርጆ ስወርድ እናቴ ጤፉ እየተወቃ ሳለ ይህንኑ ወሬ ሰምታ ጠየቀችኝ። አጥጋቢ መልስ አልሰጠኋትም። የሰፈራችን አንድ አረጋዊ ቄስ ግን በጣታቸው አንጓ ቈጥረው መለሱላት፦ 5500 ሲደመር 2005 ዓመተ ዓለም 7505 ይሆናል፤ በ19 ቢገደፍ ምንም አይተርፍም። ስለዚህ ዓመቱ በእኛም አቆጣጠር የአንድ ንዑስ ቀመር መጨረሻ ነው፤ 395ኛው መሆኑ ነው። ያለፉትስ 394 ሲያበቁ ምን ሆነ? አሉና ሣቁ። ዐቢዩ ቀመር እንኳ ለ14ኛ ጊዜ የሞላው በ1948 ዓ.ም. ነበር።

ስምንተኛው ሺ የሚባለውም በዚሁ ቍጥር ከ1501 እስከ 2500 ዓ.ም. የሚደርስ ነው፤ ሚሌኒየም ብለን ባከበርነው በ2000 ዓ.ም. ገና እኩሌታው መሙላቱ ነበር። ብዙ ሰው ግን ቃሉን እንደ ዕለት ቀጠሮ ይጠቀምበታል። በአካባቢያችን በዚህ ፍርሃት ቤቱን ቆርቆሮ ሳያለብስ የቀረ ሰው አውቃለሁ፤ ክረምቱን በሚያፈስ ሣር ጣራ ሥር ይከርማል። የቀመሩ ዓላማ ፍጻሜን ማስታወቅ ቢሆን ኖሮ ዑደት ባላስፈለገው ነበር።

ቄሱ ስሌታቸውን ቀጠሉ። ትራፊ ሲጠፋ ወንበሩ 18 ነው፤ አበቅቴ 18፣ መጥቅዕ 12። ከ14 ስለሚያንስ በዓሉ ጥቅምት 12 ላይ ዋለ፤ ድሜጥሮስ ያረፉበት መታሰቢያም ይኸው ዕለት ነው። ሰኞ ነበርና የሰኞ ተውሳክ 6 ሲጨመር መባጃ ሐመሩ 18 ሆነ። ነነዌ የካቲት 18፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 27 ብለው ለእናቴ ነገሯት። እርስዋም የምትሸጠውንና ለፋሲካ የምታስቀረውን ጤፍ በዚያው ለየች።