ዶክተር አክሊሉ ለማ፤ የእንዶድና የአንጀት ቢልሃርዚያ ተመራማሪ

ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው የጎጃም ገጠር፣ እንደ ሌላውም የአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ሁሉ፣ እንዶድ የማይታወቅ ተክል አይደለም። በአጥር ሥርና በገደል አፋፍ ይበቅላል፤ ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፤ አረፋውም ሳሙና በየገበያው ከመግባቱ በፊት ጀምሮ የነጠላና የጋቢ ማጽጃ ሆኖ ኖሯል። ይህ በየቤቱ የታወቀ ነገር ለአንጀት ቢልሃርዚያ መከላከያ ሊውል እንደሚችል በምርምር ያረጋገጡት ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ በአሜሪካ አገር በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ፈጽመው እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ አገራቸው እንደ ተመለሱ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማስተማርና መመራመር ጀመሩ። በዚያው ዓመት የቢልሃርዚያን ስርጭት ለማጥናት ወደ ዐድዋ ወረዱ። ሴቶች በወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥቡ ነበር። ከእጥበቱ ሥፍራ በታች በኩል ውሃው ያንሳፈፋቸው የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ሲታዩ፣ ከዚያ በላይ ባለው ውሃ ግን ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት ነበሩ። ተመራማሪው በሕይወት ያሉትን ሰብስበው ከአረፋው ጥቂት ቢጨምሩባቸው ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። የረጅሙ ምርምር መነሻ ይህ ሆነ።

የቀንድ አውጣው ሞት ይህን ያህል ትኩረት የሳበበትን ምክንያት ለመረዳት የበሽታውን አካሄድ ማስታወስ ያሻል። በአገራችን የአንጀት ቢልሃርዚያን የሚያመጣው ጥገኛ ትል ወንዱና ሴቷ ተጣምረው በአንጀት ዙሪያ ባሉ ደም ሥሮች ውስጥ ለዓመታት ይኖራሉ። ሴቷ በየቀኑ በመቶ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ከእንቁላሉ ከፊሉ የአንጀትን ግድግዳ ሰንጥቆ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል፤ የቀረው በአንጀትና በጉበት ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀራል። ትሉ ራሱን በሰውየው አካል ቅመሞች ሸፍኖ ከሰውነት መከላከያ ኃይል ይሰወራል። መከላከያው ኃይል የሚዘምተው በተሰነቀረው እንቁላል ላይ ነው፤ በዙሪያውም እባጭ ይሠራል፤ ውሎ አድሮም ጉበት ይጠነክራል፣ ሆድ ይነፋል። እንግዲህ ሕመምተኛውን የሚጎዳው ትሉ ብቻ ሳይሆን፣ አካሉ ራሱን ለመከላከል የሚያደርገው ትግል ጭምር ነው።

በአንጀት የሚኖሩ ተሐዋስያን ነገር በዚህ አያበቃም። የአንጀት ተስቦን የሚያመጡት የሳልሞኔላ ባክቴሪያዎች በትሉ ቆዳ ላይ ተጣብቀው እንደሚኖሩ በልዩ ልዩ ጥናቶች ታውቋል። ባክቴሪያዎች በአንድ ገጽ ላይ በጋራ ተለጥፈው ሲሰፍሩ፣ ተበታትነው ከሚንሳፈፉት ይልቅ መድኃኒትን ይቋቋማሉ። በትሉ ላይ የተጠጉትም እንዲሁ ከመድኃኒት ኃይል ስለሚጠለሉ፣ የሕመምተኛው ትኩሳት ለጊዜው በርዶ ተመልሶ ይነሣል። ስለዚህ ባክቴሪያውን የሚገድለው መድኃኒት ብቻውን አይበቃም፤ መጠጊያ የሆነው ትል አብሮ መታከም አለበት። ትሉ ቢታከምም ሰውየው ወደዚያው ወንዝ ተመልሶ ሲገባ በሽታው እንደገና ይይዘዋል።

በዓይነ ምድር የወጣው እንቁላል ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል፤ እጩም ለመራባት የግድ በተወሰነ የቀንድ አውጣ ዓይነት ገላ ውስጥ መግባት አለበት። ከሳምንታት በኋላ ከአንዱ ቀንድ አውጣ ብዙ ሺህ እጮች ወጥተው በውሃው የሚታጠበውን፣ የሚዋኘውንና የሚሻገረውን ሰው ቆዳ በስተው ይገባሉ። ሰንሰለቱ ከሰው አካል ውጭ የሚበጠሰው እንግዲህ በቀንድ አውጣው በኩል ነው። ከውጭ አገር የሚመጣው የቀንድ አውጣ ማጥፊያ ኬሚካል ለድሃ ገበሬ የሚቀመስ ስላልሆነ፣ በአጥር ሥር የሚበቅል መድኃኒት መገኘቱ ትልቅ ተስፋ ነበር።

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1966 የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሥርተው ለዐሥር ዓመት ያህል መሩ። በዐድዋ ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመት በተካሄደው ሙከራ የከተማው ወንዞች በእንዶድ ሲታከሙ፣ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 6 ዓመት ከሆኑት ሕፃናት መካከል በሽታው የተገኘባቸው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አሉ። በአሜሪካ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ከፍሬው ተለይቶ የወጣው ገዳይ ቅመም በእርሳቸው ስም ለማቶክሲን ተባለ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም የእንዶድን ልዩ ልዩ ዘሮች አነጻጽረው ምርቱና ኃይሉ የላቀውን መረጡ።

ይሁን እንጂ እንዶድ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተቀባይነት ለማግኘት ብዙ ዓመታት ጠበቀ። ለሰውና ለአካባቢ የሚያሰጋ አለመሆኑ በታወቁ ቤተ ሙከራዎች እንዲረጋገጥ ተጠየቀ፤ ይህን የሚያደርግ ቤተ ሙከራም ሆነ ገንዘብ በአገር ውስጥ አልነበረም። መጠየቁ ተገቢ ነው፤ እንዶድ ዓሣን ይገድላል፣ ዓይንን ይቆጠቁጣል፣ የቀንድ አውጣውን እንቁላል ስለማያጠፋም ደጋግሞ መጨመርን ይጠይቃል። በሌላ በኩል በውሃ ውስጥ ቶሎ ስለሚበሰብስ መርዙ አይከማችም። የሚያሳዝነው ማስረጃው የተጓተተው ዕውቀት ጠፍቶ ሳይሆን አቅም ጠፍቶ መሆኑ ነው። በመጨረሻ ካናዳ ባደረገችው እርዳታ ምርመራው ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱ ኢትዮጵያውያን፣ ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ፣ አማራጭ የኖቤል ሽልማት የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ።

ዶክተር አክሊሉ ከ1976 በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አገልግለዋል፤ በጣልያን አገር በፍሎረንስ ከተማ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ጥናት ማዕከልም በምክትል ዳይሬክተርነት ሠርተዋል። በአሜሪካ የውሃ ቧንቧዎችን የሚደፍነው የሜዳ አህያ መሰል ዝንጉርጉር ዛጎል ለበስ እንስሳ በእንዶድ ሊጠፋ እንደሚችልም ሐሳብ አቅርበው ተሞክሯል። ለዚህ አጠቃቀም የባለቤትነት መብቱ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ስም መመዝገቡ፣ ዕውቀቱን ለዘመናት ጠብቆ ላኖረው ሕዝብ ድርሻው ምንድን ነው የሚል ክርክር አስነሥቷል። ሊቁ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 5 ቀን 1997 ዐረፉ። የመሠረቱት ኢንስቲትዩትም በስማቸው ተሰየመ።

ዛሬ የቢልሃርዚያ ቁጥጥር በአብዛኛው ፕራዚኳንቴል የተባለውን እንክብል ለተማሪዎች በማደል ላይ የቆመ ነው። እንክብሉ ትሉን ይገድላል፤ ነገር ግን ሰውየው እንደገና እንዳይያዝ አያደርግም። በጣና ሐይቅ ዳርቻና በየወንዙ ወራጅ የሚኖረው ሕዝብ ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ቤት እስኪያገኝ ድረስ፣ ከአካል ውጭ ያለው የሰንሰለቱ ቀለበት ሊዘነጋ አይገባም። ዶክተር አክሊሉ አጥብቀው ይከራከሩለት የነበረው ጉዳይ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ የአፍሪካ ሳይንቲስት የወገኑን ዕውቀት በገዛ አገሩ ቤተ ሙከራ መርምሮ፣ ጥቅሙንም ጉዳቱንም ራሱ መዝኖ የሚያረጋግጥበት አቅም ሊኖረው ይገባል የሚል ነበር። ይህ አቅም በተሟላ ሁኔታ እስኪገነባ ድረስ እርሳቸው የጀመሩት ሥራ ተፈጽሟል ማለት አይቻልም።