ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያንና አርባዎቹ ልጆች

ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1924)፣ አዲሱ ዓመት ሊብት አምስት ቀን ሲቀረው፣ አርባ አርመናውያን ልጆች አዲስ አበባ ገቡ። ወላጆቻቸውን በእልቂት ያጡ፣ አገራቸው ከኋላቸው የተዘጋባቸው ልጆች ነበሩ። ከተማው በቁጥራቸው «አርባ ልጆች» ብሎ ጠራቸው፤ ታሪክም እስከ ዛሬ የሚያውቃቸው በዚሁ ስም ነው።

በዚህ ጽሑፍ ሕይወታቸውን የምናወሳው የእነዚህ ልጆች የሙዚቃ መሪና መምህር የነበሩትን ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያንን ነው። ስማቸው ዘወትር የሚነሣው ከቀድሞው የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ጋር ነው። ይህም የሚገባ ነው። ይሁንና እኛ የማስተማርን ሙያ የያዝን የማኅበሩ አባላት ከመዝሙሩ በስተጀርባ ያለውን ሰው ልንመለከት ይገባናል። ምክንያቱም ናልባንዲያን ከሁሉ አስቀድሞ የወላጅ አልባ ልጆች አስተማሪ ነበሩ።

የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1887 በኦቶማን መንግሥት ግዛት ውስጥ በነበረችው በአይንታብ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ በአርመን ሕዝብ ላይ የወረደው መዓት ይህችንም ከተማ አላለፋትም። ሕዝቡ ከየቀዬው እየተነቀለ ወደ ሶርያ በረሃ ተነዳ፤ እጅግ ብዙውም በሰይፍ፣ በረኃብና በበሽታ አለቀ። ከሞት የተረፉት ሕፃናት በሶርያ፣ በሊባኖስ፣ በግሪክና በቅድስት አገር ተበተኑ። በአሜሪካ የተቋቋመው የቅርብ ምሥራቅ የረድኤት ድርጅት ብቻውን ከመቶ ሺህ በላይ የሚሆኑ ወላጅ አልባ ልጆችን ተንከባክቧል። በኢየሩሳሌም ደግሞ የአርመን ፓትርያርክ መንበር የሆነው የቅዱስ ያዕቆብ ገዳም በሩን ከፍቶ ስደተኛውንና የሙት ልጁን ተቀበለ። በዚያም ልጆቹ ከእንጀራና ከመጠለያ ሌላ ትምህርት ያገኙ ነበር፤ ከትምህርቱም አንዱ ሙዚቃ ነበር።

አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲጓዙ በመንገዳቸው ኢየሩሳሌምን በተሳለሙ ጊዜ የሰሙት የእነዚህን ልጆች የነሐስ ሙዚቃ ነው። በመሣሪያው አጨዋወት እጅግ ተደሰቱ፤ የልጆቹንም ታሪክ ተረዱ። ከዚያም ከአርመን ፓትርያርክ ፈቃድ ጠይቀው አርባውን ልጆች በአሳዳጊነት ተቀበሉና ወደ ኢትዮጵያ አስመጧቸው። ከልጆቹ ጋር አንድ አርመናዊ ካህን አብረው መጥተዋል።

ይህ ስጦታ ያለ መሠረት የተደረገ አልነበረም። የኢትዮጵያና የአርመን አብያተ ክርስቲያናት በሃይማኖት እኅትማማቾች ናቸው። በኢየሩሳሌም የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትም በችግር ዘመናቸው ለረጅም ጊዜ የዕለት እንጀራቸውን ያገኙ የነበረው ከአርመን ገዳም ነው። ስለዚህ የአርባዎቹ ልጆች ወደ አዲስ አበባ መምጣት የቆየ ውለታ መመለስ ጭምር ነበር ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ነገር ግን ነገሩን ሁሉ በርኅራኄ ብቻ ብንተረጉመው ለታሪክ ታማኞች አንሆንም። በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች ገና ዓመት ያህል ነበር። ቤተ መንግሥቱ የውጭ አገር እንግዶችን የሚቀበልበት፣ በበዓላትም የሚሰለፍ የሠለጠነ የሙዚቃ ጓድ ያስፈልገው ነበር። ልጆቹ የመጡት በውል ነው፤ ሥራም ይጠብቃቸው ነበር። ታዲያ ይህ በጎ አድራጎት ነው ወይስ ቅጥር? የሁለቱም ድርሻ ነበረበት። የሙት ልጅ ከሰው እጅ ብቻ ጠባቂ ሆኖ እንዳይቀር ሙያ ማስያዝ የበጎ አድራጎት ከፍተኛው ደረጃ ነው። በአንጻሩ ደግሞ ልጁ ለሙያው ብቻ ከተፈለገ ውሉ ባለቀ ቀን ሁለተኛ የሙት ልጅ ይሆናል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚቆመው መምህሩ ነው። ናልባንዲያንም የቆሙት በዚህ ቦታ ነው።

ሥራቸው ቀላል አልነበረም። ከአድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የመጡ የነሐስ መሣሪያዎች በቤተ መንግሥት ቢታወቁም፣ በኖታ የሚመራ የሙዚቃ ትምህርት ገና ሥር አልሰደደም ነበር። ናልባንዲያን ልጆቹን በሥነ ሥርዓት አሠልጥነው የአገሪቱ የመጀመሪያው ይፋዊ የመንግሥት የሙዚቃ ጓድ እንዲሆኑ አበቋቸው። እ.ኤ.አ. በ1926፣ ልጆቹ ገና በእጃቸው ሥር ሳሉ፣ በኋላ የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር የሆነውን ዜማ ደረሱ። ይህ መዝሙር ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ላይ ተሰማ፤ ከጠላት ወረራ ዘመን በቀርም እ.ኤ.አ. እስከ 1975 ድረስ የአገሪቱ መዝሙር ሆኖ ቆየ። የገዛ አገሩን ያጣ ሰው ለተቀበለችው አገር መዝሙር መድረሱ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1928 የልጆቹ ውል አበቃ፤ የሙዚቃ ጓዱም ተበተነ። ከእነርሱም ገሚሶቹ ወደ ሌላ አገር ሲሄዱ፣ ገሚሶቹ እዚሁ ቀርተው ከከተማው አርመናውያን ጋር ተቀላቀሉ። እንግዲህ ከላይ ያነሣነው ጥያቄ በተግባር የተፈተነው በዚህ ጊዜ ነው። የሄዱት ባዶ እጃቸውን አልሄዱም፤ ኖታ የሚያነብ ዓይንና መሣሪያ የለመደ እጅ ይዘው ነበር። የቀሩትም ከአራዳ ገበያ አካባቢ ቀደም ብለው የሰፈሩ ወገኖች አገኙ። ወርቅ ሠሪው፣ ፎቶግራፍ አንሺው፣ ልብስ ሰፊውና ነጋዴው አርመናዊ በከተማው የታወቀ ነበር።

መምህሩ ግን ከተማውን አልለቀቁም። ዕድሜያቸውን በሙሉ ያሳለፉት ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን በማስተማር ነው። በትምህርት ቤቶች ሙዚቃ አስተማሩ፤ የሙዚቃ ጓዶችን አሠለጠኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1935 ለተቋቋመው፣ ፒያሳ ለሚገኘው ለሀገር ፍቅር ማኅበር የመድረክ ሙዚቃም አገልግሎት ሰጡ። በአርባ የሙት ልጆች የተጀመረው ትምህርት በዚህ መንገድ ወደ አገሬው ልጆች ተሻገረ። የወንድማቸው ልጅ ኔርሰስ ናልባንዲያንም የእርሳቸውን ፈለግ ተከትለው በቴአትር ቤትና በሙዚቃ ትምህርት ቤት ብዙ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞችን አስተምረዋል። ዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ በነሐስ መሣሪያ ድምፅ እንዲታወቅ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ የመምህርነት ሰንሰለት ነው።

ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን እ.ኤ.አ. በ1963 ዐረፉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። የደረሱት መዝሙር በሌላ ተተክቷል። የአርመናውያኑ ቁጥር እጅግ አንሷል። የአራዳ ገበያ በጣሊያን ዘመን ወደ መርካቶ ከተዛወረ ቆይቷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል። በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም የተሠራው የአርመን ቤተ ክርስቲያን ግን አሁንም ያንን ዘመን ያስታውሳል።

ዛሬም በከተማችን ወላጅ የሌላቸው ልጆች አሉ። እነዚህን ልጆች የሚያሳድጉ ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ የሚቆጥሩት የተሰጠውን ምግብ፣ ልብስና አልጋ ነው። ይህን መቁጠር ግድ ነው፤ የተራበ ልጅ አይማርምና። ዳሩ ግን ልጁ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት ከግቢው በር ሲወጣ ምን ይዞ ይወጣል ብሎ የሚጠይቅ ያስፈልጋል። የናልባንዲያን ሕይወት መልሱን አስቀድሞ ያሳየናል፤ ይዞት የሚወጣው የሚኖርበት ሙያና ከእርሱ ጋር የቀረ መምህር ሊሆን ይገባል። የመጀመሪያውን በጀት ሊገዛው ይችላል። ሁለተኛው ግን ከእኛ ከባለሙያዎቹ በቀር የሚሰጠው የለም።