ዶክተር ማርሴል ጁኖ፦ የቁስለኞችና የምርኮኞች ጠበቃ

ዶክተር ማርሴል ጁኖ በ1896 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ ተወለዱ። በ1928 ዓ.ም. የዓለም አቀፍ ቀይ መስቀል ኮሚቴ መልእክተኛ ሆነው ወደ አገራችን መጡ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 20 ቀን የፋሺስት አውሮፕላኖች በመልካ ዲዳ የስዊድንን የቀይ መስቀል ሆስፒታል ሲደበድቡ ብዙ ሕሙማን ሞቱ፤ ዶክተሩም ወደ ሥፍራው ሄደው ጥፋቱን አዩ። በቆረምም የመርዝ ጋዝ ያቃጠላቸውን ወገኖቻችንን ተመለከቱ።

በዚያ ጦርነት ፎቶግራፍም መሣሪያ ነበር፤ ሁለቱም ወገኖች የቁስለኞችንና የሟቾችን ምስል ለክስ ወደ ጄኔቭ ይልኩ ነበር። ኮሚቴው ግን ገለልተኛነቱን ለመጠበቅ ሲል የመልእክተኞቹን ምስክርነት ለመንግሥታቱ ማኅበር አልሰጠም። ይህ ዝምታ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ዶክተሩ ያዩትን በመጽሐፍ የገለጡት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው።

ከኢትዮጵያ በኋላ በእስፓኝ ምርኮኞች እንዲለዋወጡ ደከሙ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የምርኮኞችን ሰፈር ጎበኙ፤ በጳጉሜን 1937 ዓ.ም. 15 ቶን ያህል መድኃኒት ይዘው ሂሮሺማ ገቡ። በ1953 ዓ.ም. ዐረፉ።

በ1921 ዓ.ም. የተፈረመው የጄኔቭ ስምምነት ምርኮኛ ለሕዝብ መመልከቻ እንዳይሆን አዘዘ። ደጉ ሳምራዊ የወደቀውን ሰው ወገን አልጠየቀም። እኛም በእምድብርና በየቁምስናችን ይህን ስናስተምር፣ በምስል የምናየው ቁስለኛ ከወዳጅም ከጠላትም አስቀድሞ ሰው መሆኑን እናስታውስ።