ሂካ የተባለው ልጅ፦ ኦኔሲሞስ ነሲብ እና በነጻ የተሰጠው ጸጋ

እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አቅራቢያ የተወለደው ሕፃን ሂካ የሚል ስም ወጣለት። ቃሉ በአፋን ኦሮሞ የታሰረውን የሚፈታ፣ የተሰወረውንም ንግግር የሚተረጉም ማለት ነው። ስሙን ያወጡለት ወላጆች ልጃቸው ራሱ ታስሮ እንደሚሸጥ፣ ከተፈታም በኋላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ እናቱ ቋንቋ እንደሚመልስ ከቶ ሊያውቁ አይችሉም ነበር።

አባቱን ገና ሕፃን ሳለ በሞት አጣ። ከዚያም የባሪያ ፈንጋዮች እጅ ውስጥ ወደቀ። ስምንት ጌቶች ተፈራርቀውበት ምጽዋ ደረሰ፤ በዚያም ስዊዘርላንዳዊው ቨርነር ሙንዚንገር በ1870 ነጻ አውጥቶ ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት አስረከበው። ልጁ ለነጻነቱ የከፈለው አንዳች ዋጋ አልነበረም፤ ይከፍል ዘንድ ቢጠየቅም የሚከፍለው አልነበረውም።

በ1872 የፋሲካ ዕለት ተጠመቀና ኦኔሲሞስ ተባለ። ስሙ የተወሰደው ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና ከጻፈው አጭር መልእክት ነው። በዚያ መልእክት ውስጥ ኦኔሲሞስ የሚባል ባሪያ ወደ ጌታው ሲመለስ፣ ዕዳ ቢኖርበት እንኳ ሐዋርያው ራሱ ሊከፍልለት ቃል ይገባል። ለምጽዋው ልጅ ከዚህ የሚስማማ ስም ማግኘት የሚቻል አይመስለኝም።

ያስተማሩት ሚሲዮናውያን የሉተርን ትምህርት የሚከተሉ ነበሩ። የትምህርቱም አምድ ይህ ነው፦ ሰው የሚድነው በሥራው ብዛት ሳይሆን እግዚአብሔር በክርስቶስ በኩል በነጻ በሚሰጠው ጸጋ ነው፤ እምነት ስጦታውን የሚቀበል ባዶ እጅ ነው፤ መልካም ሥራም የመዳን ዋጋ ሳይሆን የመዳን ፍሬ ነው። ምሳሌው ሙሉ ባይሆንም፣ የገጠር ሰው ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻውም። ዝናቡን ያዘነብሁት እኔ ነኝ የሚል ገበሬ የለም፤ ዝናቡ በነጻ መጣልኝ ብሎ ሞፈሩን የሚሰቅልም የለም።

ኦኔሲሞስም ሞፈራቸውን አልሰቀሉም። ስዊድን ውስጥ በዮሐነሉንድ አምስት ዓመት ተምረው ሲመለሱ ምሕረት ኃይሉን አገቡ፤ ወዲያውም የተወለዱበትን ሕዝብ ፍለጋ ተነሡ። በዐፄ ዮሐንስ ዘመን መንገዱ ለሚሲዮናውያን ዝግ ነበርና በሱዳን ዞረው ሞከሩ። እስከ አሶሳ አካባቢ ከደረሱ በኋላ ለመመለስ ተገደዱ፤ በ1882 ካርቱም የገቡት በንዳድ እየተንቀጠቀጡ ነው። የማህዲስቶች ዐመፅም በዚያው ወቅት ተቀጣጥሎ ነበር። በ1886 የተደረገው ሁለተኛው ጉዞም ወለጋ አላደረሳቸውም። በእነዚያው ዓመታት ባለቤታቸውን በሞት ተነጠቁ።

እግራቸው ሊደርስበት ያልቻለው አገር መጽሐፍ ይደርስበት ዘንድ ወደ ትርጉም ሥራ ገቡ። እዚህ ላይ ግን ባርነት ከወሰደባቸው ነገር አንዱ ተገለጠ። ከአገራቸው የተነጠቁት በልጅነታቸው ነበርና፣ የአፋን ኦሮሞ ቃላት ለዚህ ሥራ በሚበቃ መጠን አልነበሯቸውም። የጎደለውን የሞላችው አስቴር ጋኖ ናት። እርሷም እንደ እርሳቸው ተሸጣ የነበረች፣ በ1886 የጣልያን መርከብ ባሪያ ጫኝ ጀልባ ላይ አግኝቶ ነጻ ያወጣት ወጣት ነበረች። ተረቱን፣ ዘፈኑን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሩን በቃሏ ይዛለች፤ ቃላት ትሰበስባለች፤ ከኦኔሲሞስ ጋርም በ1894 የታተመውን የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ አዘጋጅታለች። ድርሻዋ ለረጅም ጊዜ የሚገባውን ያህል አለመነገሩ ሊያስቆጭ ይገባል።

አዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ ኦኔሲሞስ ራሳቸው ስዊዘርላንድ ወደሚገኘው ቅድስት ክሪስቾና ተጉዘው ኅትመቱን ከተቆጣጠሩ በኋላ፣ በ1899 በግዕዝ ፊደል ወጣ። የሉተርንም ካቴኪስሞስ ወደ አፋን ኦሮሞ መልሰዋል።

ወለጋን የረገጡት በ1904 ነው። የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበሏቸው። ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ መስበካቸው ግን ከአካባቢው ካህናት ጋር አጋጫቸው፤ ካህናቱ አፋን ኦሮሞ አያውቁም ነበር። ጠቡ የቋንቋ ብቻ አልነበረም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም መዳን ከእግዚአብሔር ጸጋ መሆኑን ታስተምራለች፤ ሆኖም እምነትን ከሥራ፣ ከምሥጢራትና ከቅዱሳን አማላጅነት ለይታ አታይም። ስለዚህ የኦኔሲሞስ ስብከት ለካህናቱ የእመቤታችንን ክብር የሚነካ ሆኖ ተሰማቸው፤ ክሱም ይኸው ነበር።

በ1906 አዲስ አበባ ላይ አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፤ እንዲሰደዱም ተፈረደባቸው። ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን ለውጠው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱ፤ ስብከቱን ግን ከለከሉ። ሰው በሥራው አይድንም ብለው የሚያምኑት ሰው አፋቸው ተይዞ ሥራ ብቻ ቀረላቸው። ዐሥር ዓመት ያህል፣ ዛሬ ነገ ይባረራሉ በሚባል ስጋት ውስጥ፣ የገበሬውን ልጅ ፊደል አስቆጠሩ። የቆጠረው ልጅ መጽሐፉን ለራሱ ያነብ ነበርና፣ ክልከላው ያሰበውን ያህል ዝምታ ማምጣቱ ያጠራጥራል።

ልጅ ኢያሱ በ1916 የመስበክ ፈቃድ ሰጧቸው። ልጅ ኢያሱ ብዙም ሳይቆዩ ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱን የሻረው አልነበረም። ኦኔሲሞስ ከዚያ በኋላ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል እየሰበኩና የተረጎሟቸውን መጻሕፍት እያዳረሱ ኖሩ፤ ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. በነቀምቴ አረፉ። እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በወለጋ ሥር የሰደደችው እርሳቸው፣ አስቴርና ባልደረቦቻቸው ባለሰለሱት መሬት ላይ ነው።