ዶክተር ፎረስት አለንና የትንሿ ከተማ ብዙ ሕዝብ

የአንድ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን ደጋፊው የሚበዛለት ከተማው ትልቅ ሲሆን ነው ብለን የምናምን ብዙዎች ነን። የአሜሪካዊው አሠልጣኝ የዶክተር ፎረስት አለን ሕይወት ግን ይህን አሳባችንን ደግመን እንድንመረምር ያስገድደናል። (የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አለን በሚዙሪ ግዛት በ1885 ተወለዱ። የቤዝቦል ዳኛ ሆነው ሲጮኹ ድምፃቸው በጉም ጊዜ መርከቦችን የሚያስጠነቅቀውን ጥሩምባ ይመስል ስለ ነበር ፎግ የሚል ቅጽል ስም ወጣላቸው። በ1905፣ ገና የ19 ዓመት ወጣት ሳሉ፣ በዘመኑ ስመ ጥር የነበረውን ቡፋሎ ጀርመንስ የተባለ ቡድን ወደ ካንሳስ ሲቲ አስመጥተው ሦስት ግጥሚያ አዘጋጁ፤ ራሳቸውም ከተጫወቱበት ወገን ጋር ሁለቱን አሸነፉ። ሕዝብ ገንዘቡን ከፍሎ ይህን ጨዋታ ለማየት እንደሚመጣ የተማሩት ያን ጊዜ ነው ብንል አንሳሳትም።

ቀጥሎም በሎረንስ ከተማ ወደሚገኘው ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የጨዋታው ፈጣሪ የዶክተር ጄምስ ኔይስሚዝ ተማሪ ሆኑ። መምህሩ ይህ ጨዋታ አሠልጣኝ የሚያሻው አይመስላቸውም ነበር። ተማሪው ግን በ1907 ቦታቸውን ተረከቡ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ለቀው ሕክምና ተማሩ፤ በ1919 ተመልሰው እስከ 1956 ድረስ ሠሩ።

በ1939 የአሠልጣኞች ማኅበር ያዘጋጀው የመጀመሪያው ብሔራዊ የኮሌጆች ውድድር ወደ 2,500 ዶላር ያህል ከሠረ። በማግሥቱ ዓመት አለን ፍጻሜው በካንሳስ ሲቲ እንዲደረግ አድርገው ኪሣራውን ወደ ትርፍ ለወጡት።

በዚያ ዘመን ትልቁ ገበያ ኒውዮርክ ነበር። በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አዳራሽ የኮሌጅ ግጥሚያ ሲደረግ ሕዝቡ ይጎርፋል፤ ከሕዝቡ ጋር ግን ቁማርተኛውም ይገባል። አለን በ1944 ለተጫዋቾች ጉቦ እየቀረበ ነው ብለው በይፋ ቢያስጠነቅቁ ብዙ ሰው ተቆጣቸው። በ1951 ነገሩ ፈነዳ። ከአንድ ዓመት በፊት ሁለቱን ታላላቅ ዋንጫዎች የወሰደው የሲቲ ኮሌጅ ተጫዋቾች ሳይቀሩ ተያዙ፤ የቡድኑም ክብር ወደቀ። በ1952 የካንሳስ ልጆች የኒውዮርኩን ሴንት ጆንስ 80 ለ63 አሸንፈው የአገሪቱን ዋንጫ ወሰዱ።

በመጋቢት 1 ቀን 1955 በአለን ስም የተሠራው አዲስ አዳራሽ ሲከፈት 17,228 ሰው ተገኘ። በ1950 ቆጠራ የሎረንስ ነዋሪ በጠቅላላው ከ23 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ነበር። ይህን የመሰለ አዳራሽ ሎረንስ ብቻዋን አትሞላውም፤ የአገሩ ገበሬና ነጋዴ፣ የቀድሞውም ተማሪ ቡድኑን የራሱ አድርጎት ስለ ነበር ነው።

በዚያው ዓመት ረጅሙ ዊልት ቻምበርሊን በአለን ጥረት ወደ ካንሳስ መጣ። ነገር ግን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በዋናው ቡድን እንዳይጫወት ደንብ ይከለክል ነበር፤ አሠልጣኙም 70 ዓመት ስለ ሞላቸው በ1956 በጡረታ እንዲወጡ ተገደዱ። የደከሙለትን ልጅ ሌላ ሰው መራው። አለን በ1974 በሎረንስ ዐረፉ፤ አዳራሹ ዛሬም በስማቸው ይጠራል።

እኛም በሜዳችን ዳር ባዶ ወንበር ስናይ የከተማውን ሰው ከመውቀሳችን በፊት ማን ሄዶ እንደ ጠራው፣ ጨዋታችንንም ያምነው እንደ ሆነ ራሳችንን እንጠይቅ።